አንገቱ የተላጨው ጊታር

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቢበዛ አሥራ ዘጠኝ። እናቴ ልደቴን የምታስታውሰው በርበሬው በዝናብ በተበላሸበት ዓመት እያለች ስለነበር ከዚህ በላይ ማስረገጥ አልችልም። ቡሬ ላይ ከታላቅ ወንድሜ ከይስማው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እየተከልኩና ጠርዝ እየዘመዘምኩ፣ እሱ ደግሞ በከተማው የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር እየመታ። ክፍላችን በአውራ ጎዳናው ዳር ስለነበረች ወደ ወለጋ የሚሻገረው የጭነት መኪና ሁሉ በጆሯችን ሥር ያልፋል። በበርበሬው ወራት ከተማው እንዳለ ያስነጥሳል። የሚያስነጥስ ሰው ካላየህ ቡሬ አልገባህም እንል ነበር። ያኔ የወንዱ ሱሪ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ ይሰፋል፤ እግር ላይ ሸራ ጫማ፣ ላይኛው ላይ ክንድ የሚያጣብቅ የቴትሮን ሸሚዝ፣ ጸጉሩም ማበጠሪያ ቢሰኩበት የማይወድቅ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ አንዱን ሻይ ይዞ እስከ ፈለጉት ድረስ ከሻይ ቤቱ ቴፕ ዘፈን መስማት ይቻላል። ባለቤቱ «ብርጭቆው በረደ እኮ» ሲል ብቻ መነሳት ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች የሬዲዮና የስልክ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄን ቤዛን እጠብቅ ነበር። ቤዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በአንድ ሆቴል ትጫወታለች። ኤሌክትሪክ ጊታር ልትገዛ ስትል ወሩን ሙሉ ስልኳ ላይ ስታማርጥ ከረመች፤ ይኼ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ያኛው ለእጄ ይመቻል፣ ይኼኛው ያምራል ግን ከባድ ነው፤ ዕቃ ሳይሆን ባል የምትመርጥ ነበር የምትመስለው። በመጨረሻ ያገለገለ አንድ ጊታር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣች። ገና ከሳጥኑ እንደወጣ ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፅ የሚቀበለውን ማግኔት ላስለውጥ ብላ ወደ ጠጋኙ ወሰደችው። ጠጋኙ የጋለውን የመበየጃ ካውያ እርሳሱ ላይ ሲያስነካ ያ ቀጭን፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር ጭስ ተነሳና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ይኸው ነው፤ ቁጭ ባልኩበት ቡሬ ደረስኩ።

«የድሮው ማግኔት ምን አጠፋ?» አልኳት ለቤዛ።

«ድምፁ ቀጭን ነው፣ እማማ። ይኼኛው ወፈር ያደርገዋል።»

«አንቺ ራስሽ ቀጭን አይደለሽ እንዴ? ምን አጣላችሁ?»

ጠጋኙ ካውያውን እንደያዘ ሳቀ። ቤዛ ግን በቁም ነገሯ ላይ ናት። «መቃኛዎቹንም እቀይራቸዋለሁ፤ ቅኝት አይዙም። ከዚያ ክሩን ቀጠን ባለ። ከዚያ ቀለሙን አስለቅቄ በእንጨቱ መልክ አደርገዋለሁ።»

«ታዲያ ከተገዛው ምን ተረፈሽ?»

«እንጨቱ ነዋ!»

ወንድሜም አንዴ እንዲህ አድርጎ ጊታር አድሷል አልኳት። አላመነችም። እሷ የምታውቀው ይስማው ባለ ነጭ ጸጉር ገበሬ ነው፤ ለበዓል ስንሄድ የእሸት በቆሎ የሚጠብስላት፣ ከአፉ ቃል በግድ የሚወጣ ሰው።

ጊታሩ ቡሬ የቀረው ከአንድ መንገደኛ የሙዚቃ ጓድ ነው ይባላል። መኪናቸው ላይ ከዕቃ ሥር ተጨፍልቆ አንገቱ ሲሰነጠቅ ለአዳራሹ ጥለውት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ዕቃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ኖረ። መልኩ የደረሰ በርበሬ ነው። ክሮቹ ተበጥሰው አልቀዋል፣ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ተቦርቡሯል፣ ድምፅ ማጉያው ብቻ ደህና ነበረ። የኪነቱ አለቃ ጋሽ ምትኩ፣ ቀጭንና ችኩል ሰው፣ ኪሱ ላይ ሁልጊዜ እስኪርቢቶ የሚሰካ፣ አንድ ቀን ይስማውን ጠርቶ ጊታሩን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«በየካቲት ፍኖተ ሰላም ላይ የየወረዳው ኪነት ይወዳደራል» አለው። «ከዚያ ውስጥ ለትልቁ ቡድን ሰው ይመርጣሉ። ደሞዝ ያለው ነው። ክራር መቺ ሞልቷቸዋል፤ ያጡት ሊድ ጊታር ነው። ይኼን ካስጮህከው ቦታው ያንተ ነው።»

ይስማው ለአባታችን አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ የተቀረነው ሴቶች ነን። አባታችን ወገቡን ያመው ነበርና በየእርሻው ወቅት የሰው እጅ ሲለማመጥ ይከርማል። በገበያ ቀን በርበሬውን በአህያ ጭኖ ከገጠር ሲመጣ ነገሩን ነገርነው። ጊታሩን አገላብጦ አየው፤ በጣቱ ቆረቆረው፤ «ዋንዛም አይደለ፣ ወይራም አይደለ፤ ምን ይሉት እንጨት ነው?» አለ። ከዚያም ቀና ሳይል ቀጠለ።

«እንግዲህ እስከ የካቲት የራስህ ነህ። ከመረጡህ መርቄ እሸኝሃለሁ፤ ከልቤ ነው። ካልመረጡህ ግን በሚያዝያ መጥተህ በሬዎቹን ትረከበኛለህ። ሁለተኛ ጥያቄ የለም።»

«እሺ አባ፤ እንዳሉት» አለ ይስማው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። በአልጋው ላይ ጊታር፣ በወንበሩ ላይ ድምፅ ማጉያ፣ በምጣዱ መክደኛ ላይ ብሎን። ይስማው በመጀመሪያ የተሰነጠቀውን አንገት ያዘ። ስንጥቁ ውስጥ የወይራ ስንጣሪ አስገባ፣ ሙጫ አፈሰሰበት፣ በላዩ ላይ ከበሮ እንደሚለጎም እርጥብ ቆዳ ጠፍሮ ፀሐይ ላይ አዋለው። ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ነክሶ ያዘው፤ በእውነቱ ሸጋ ሥራ ነበር። ከዚያ ክር። የሚያውቀው የክራር ክር ነውና ጅማት ከርሮ፣ አለስልሶ፣ ስድስቱንም ገጠመ። የሙከራው ዕለት ጄኔሬተሩ ተነስቶ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ማጉያው እንደ ንብ ያጉረመርማል፤ ይስማው ክሩን ይመታል፤ ከንቡ በቀር የሚሰማ የለም።

«ጮኸ?» ይላል ጋሽ ምትኩ ከደጅ።

«አልጮኸም!»

«ጠንከር አድርገህ ምታው እንጂ!»

«ከዚህ በላይ ከመታሁትማ ሌባ የያዝኩ ይመስላል።»

ጋሽ ምትኩ ገብቶ ጆሮውን ማጉያው ላይ ለጠፈ። መብራቱ ደክሞ ነው አለ አንዱ። ገመዱ ረዝሞ ድምፁ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው አለ ሌላው። በስተመጨረሻ የቡሬውን ሬዲዮ ጠጋኝ ጠራነው። መጣ፣ ክሩን ዳሰሰ፣ አየን፣ አንዳችንንም ሳይሳደብ «ይኼ ጅማት እኮ ነው» አለ። «ይኼ ማግኔት ነው። ማግኔት ከጅማት ጋር ምን አገባው? ብረት ስጡት።» እኛም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። የዚያን ሳምንት ይስማው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ ቀጫጭኖቹን ክሮች አወጣ፤ ለወፍራሞቹ ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ መዳብ በሽቦ ላይ ጠመጠመ፣ አጠማጠሙ ልክ እንደ ጥለት ዳር ነበር። ጠጋኙ የተቦረቦረውን መሰኪያ በካውያው ሲበይድ እኔ ነበርኩ እርሳሱን የምይዝለት፤ ያ ሽታ የገባብኝ ያኔ ነው። የድምፅ መጠን የሚጠመዘዝበት ቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር ከሞተ ሬዲዮ ነቅሎ ተከለበት፤ የጣቢያ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ሰዎች እየመጡ «እስኪ ዜና አሰማን» ይሉት ነበር። ለማንገቻ አባታችን ጠፍር አመጣለት። «በሬው ሳይጠመድበት አንተ ተጠመድበት» ብሎ አንገቱ ላይ ራሱ አሠረለት።

እንግዲህ ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ጊታር አንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተጋድመውበታል። ቤዛ ፍሬት ትላቸዋለች፤ እኛ ያኔ ስም አልነበረንም፣ ብረቶቹ ነበር የምንላቸው። ክሩን ከአንዱ ብረት አጠገብ ሲጫኑት አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ከሚቀጥለው አጠገብ ሲጫኑት ሌላ። ክራር ይህ የለውም፤ ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱን አንድ ድምፅ ይዞ ቁጭ ያለ ነው። ይስማው ጊታሩን በትዝታ ቅኝት ቃኘው፤ ሌሊትና ቀን ተለማመደ። ሲለማመድ ጣቱ አንዳንዶቹን ብረቶች ደጋግሞ ይነካል፤ አንዳንዶቹን ግን ከቶ አይደርስባቸውም። እነዚያ ያልተነኩት ደግሞ የፍሬን ሽቦው እየነካቸው ዝርር ይላሉ።

«የሺ» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ «እነዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ቁልፍ ከሆነ ልንገርህ።»

«ትርፍ ናቸው። ክራር ላይ ትርፍ ክር አለ? የለም። ትርፍ ነገር ቅኝት ያበላሻል።»

ጉጠት ተዋሰና ነቀላቸው። እንደ እሾህ እየተጠነቀቀ፣ እንጨቱን ሳይሰነጥቅ፣ አንድ በአንድ። የተነቀለበትን ስንጥቅ በጧፍ ሰም ሞላ፤ በጨርቅ ወለወለው። አንገቱ ተላጭቶ አበራ። ማንም ትርፍ ብረት ያለበት ጊታር ሊወድ አልቻለም ከዚያ በኋላ። ጋሽ ምትኩ በጣቱ ዳስሶ «ይኼ ነው ዕድሳት! ፋብሪካውስ ምን ነክቶት ነው ይኼን ሁሉ የደረደረው?» አለ። የቡድኑ ዘፋኝ ትርፌ፣ ድምፀ መረዋ፣ ቁጡ ልጅ፣ እሷ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ቅኝት ሲለወጥስ፣ ይስማው?»

«ቅኝት ሲለወጥማ ክሩን አላላለሁ፣ እወጥራለሁ። ክራር እንዴት ነው የሚደረገው?»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ክራር እንደዚያ ነው የሚደረገው። እኛ ጎጃሞች ጆሯችን ክራርና መሰንቆ ላይ ያደገ ስለሆነ ሌላ ነገር ሊታሰበን አልቻለም። ቤዛን አሁን ሳያት አንዲት ብሎን ከመፍታቷ በፊት ስልኳን ከፍታ ሌላ ሰው እንዴት እንደፈታው ታያለች። እኛ ምን እንይ? አንድ ጊታር፣ አንድ ጉጠት፣ ብዙ ድፍረት።

ግን መናገር አለብኝ፤ ያማረ ነበር። ብረቶቹ ሲነቀሉ ዝርር የሚለው ጠፋ፤ ይስማው ጣቱን በተላጨው እንጨት ላይ እያንሸራተተ ድምፁን እንደ መሰንቆ ሲያስለቅሰው፣ አዳራሹ በር ላይ አህያ የሚነዱ ሰዎች ይቆሙ ነበር። በርበሬ ነጋዴዎች ከረጢታቸውን ጥለው ይገባሉ። ጥርን እንደዚያ አሳለፍነው። እኔም ለትርፌና ለይስማው ከአንድ ጣቃ ጨርቅ፣ አረንጓዴ ነው፣ የሚመሳሰል ልብስ ሰፋሁ። እሱን ሰፊ ሱሪ ነበር ያማረው፤ እኔ ግን ጨርቅ አጠረኝና እንደ ሰው ሱሪ ሆኖ ቀረ።

በየካቲት በጭነት መኪና ፍኖተ ሰላም ገባን። ከተማው ያኔ ዛፍ የበዛበት፣ ቤቱ የተራራቀ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ የሚጋፋበት መንገድ ላይ ያኔ ላም ተኝታ እናልፋት ነበር። አባታችንም ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ አዳራሹ በር ላይ ቆሟል። ማን ነገረህ አይባልም።

ተራችን ሲደርስ ይስማው ጠፍሩን አንገቱ ላይ አጠለቀ። በትዝታ ጀመረ፤ ትርፌም ዘፈኗን ቀጠለች። አንድም ሰው አላሳለም። ሲጨርሱ አዳራሹ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት፣ ከጅጋ የመጣች፣ ሳታውቀኝ አቅፋኛለች። ከዳኞቹ መሃል ዋናው፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ራሱም ጊታር ተጫዋች ነው የሚባል ሰው፣ ጽፎ ጽፎ ቀና አለ።

«ግሩም ነው። እስኪ አሁን ይችኑ ልጅ በባቲ ቅኝት አጅባት።»

ይስማው «እሺ» ብሎ ጆሮውን ወደ ክሩ ሰጠ። አንዱን አላላ፣ አንዱን ወጠረ፤ ክራር መቺ ሁሉ እንደሚያደርገው። ጀመረ። አልሆነም። አቆመ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደገና ቃኘ። ትርፌ ገባች፤ እሷ በአንድ መንገድ፣ ጊታሩ በሌላ መንገድ። ጣቱ ድምፁ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ግን ሰም ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛ ሲወጥር ክሩ ተበጠሰ። ዳኛው ተነስቶ መጣና ጊታሩን ተቀብሎ ጣቱን አንገቱ ላይ አሳለፈ።

«ወንድሜ፣ የቀሩት የት ሄዱ?»

«የማይፈለጉትን ነቀልኳቸው።»

«አይፈለጉም ያለህ ማነው?»

«እጄ።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «ስማ» አለው፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። «ክራር ላይ አንዱን ክር ስትስበው የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ክር ብዙ ድምፅ ተሸክሟል፤ ስትስበው ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። ሲሄዱ የሚያርፉበት ብረት ያስፈልጋቸዋል። አንተ ለአንድ ቅኝት ቤት ሠርተህ ሌሎቹን አባረርካቸው።»

ከኋላ አንዱ የፍኖተ ሰላም ጎረምሳ «የቡሬ ሰው በርበሬ መቀንጠስ ለምዶ ጊታሩንም ቀነጠሰው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ነገሩ ያስቅ ነበር። ይስማው ብቻ የተበጠሰውን ክር ጣቱ ላይ እየጠመጠመ ቆሞ ቀረ።

ትርፌ ተመረጠች። ይስማው አልተመረጠም። ዳኛው ሲወጣ በሩ ላይ አገኘውና «ብረቱን አስመልሰህ በሚያዝያ ወደ እኔ ና፤ ጆሮህን ሰምቼዋለሁ። ቦታውን እስከዚያ ለሌላ አልሰጥም» አለው። አባታችን አጠገባቸው ነበር፤ ሰምቷል። «ምሳ በልተሃል?» አለው ይስማውን፤ ሄደውም በሉ።

ቤዛ ይህን ስነግራት አዲሱን ማግኔት ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች። «በቃ? ማስመለስ እኮ ይቻላል፣ እማማ። አንገቱን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ያ ሰውዬ ቦታውን ጠብቄልሃለሁ ብሎታል!» አለችኝ። ይቻላል፣ ልጄ። የቡሬው ጠጋኝም የዛኔ ይቻላል ብሎ ነበር። ጊታሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም። ትርፌ ጥቂት ዓመት ዘፈነችና አግብታ መራዊ ገባች። ሱሪው ጠበበ፣ ጸጉሩ አጠረ፣ የሻይ ቤቱ ቴፕ በሌላ ተተካ። እኔም ባል አግብቼ ፍኖተ ሰላም ኖርኩ፤ የሳቀብንን ጎረምሳ ከብዙ ዘመን በኋላ የእህል ወፍጮ ከፍቶ አገኘሁት፤ አያስታውሰውም።

በዚያው ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ አገር ቤት ሄጄ ነበር፤ ይስማው በቃሉ መሠረት ቀድሞኝ ገብቷል። አባታችን ቡሬ ደርሶ መመለሱ ነው፤ ለብቻው ሄዶ ሬዲዮ ጠጋኙን አነጋግሮት ኖሯል። እራት እየበላን ለይስማው እንዲህ አለው፦ «ጠጋኙ ብረቱ ይመለሳል ብሏል። ጋሽ ምትኩም ጊታሩን ውሰድ ይላል። ነገ ሂድ። እርሻውን እኔ አለሁ።» ይስማው «እሺ አባ» አለ።

ጠዋት ስነሳ አባታችን በሬዎቹን ጠምዶ የላይኛውን ማሳ ጀምሯል። ትልሙ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ቆሞ በአንድ እጁ ወገቡን ይይዛል። ይስማው ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። የቡሬ መንገድ በግራ ነው፤ ማሳው በቀኝ። ወደ ማሳው ሄደ። አባታችን ትልሙን ጨርሶ ሲዞር ጠበቀውና እርፉን ከእጁ ወሰደ።

«ሂድ ብዬሃለሁ እኮ» አለው አባታችን።

«እሺ» አለ ይስማው። እርፉን ግን አልመለሰለትም። ጫማውን አውልቆ ለአባታችን ሰጠውና እስከ ቀትር አረሰ፤ በማግስቱም አረሰ።